ማጭድ የሚከፍተው የቆቅ ወራት

*በይፋት ቆላ የአደን ወቅትን የሚያውጅ መሥሪያ ቤት የለም። ዝናቡ፣ ማሽላውና ጾሙ ተመካክረው ይወስኑታል። አሁን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ቀን መሳት ጀምረዋል።*

ኅዳር ሲጋመስ በይፋቷ ካራቆሬ ዙሪያ ጎሕ የሚቀደው በቆቅ ጩኸት ነው። አንዱ ኩይሳ ላይ ወጥቶ አንገቱን መዘዝ አድርጎ ሻካራ ድምፁን ይለቀዋል፤ ከማሳው ማዶ ሌላው ይቀበለዋል። ፀሐይ ከአፋር በኩል ብቅ ስትል ሁለቱም ጸጥ ይላሉ። ሰው መጥቷል።

ወንፈል የተጠራሩ ስምንት ዘጠኝ አጫጆች ከማሽላው ጠርዝ ይሰለፋሉ። ከሰው ቁመት አልፎ የቆመውን አገዳ ከሥሩ እየቆረጡ ያጋድሙታል፤ ሴቶችና ልጆች ከኋላ እየተከተሉ ራስ ራሱን ይቀነጥሳሉ። እስከ ረፋድ ድረስ ነገሩ የሁልጊዜው የአጨዳ ውሎ ነው፤ ዘፈን አለ፣ ቀልድ አለ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የውኃ ጀሪካን አለ።

ረፋዱ ላይ ግን ዘፈኑ ይሳሳል። ማሳው ከአራቱም ጎን እየታጨደ መጥቶ መሐል ላይ የቀረችው ማሽላ አንዲት ጎጆ ብታክል ነው። ልጆቹ መቅነጠሱን ትተው ድንጋይ ይመርጣሉ። ከንጋት ጀምሮ ሊለቅም የገባው ቆቅ ሁሉ በማጭዱ ፊት እየተገፋ እየተገፋ እዚያች ውስጥ መከማቸቱን የማያውቅ የለም። አገዳው መሐል ቅጠል ኮሽ ይላል። ነፋስ የለም።

በይፋት የቆቅ ወራት የሚባል ነገር ካለ፣ የሚከፈተው በዚህች ሰዓት ነው።

ስሙ የሚታወቅ፣ መልኩ የማይታወቅ

ቆቅን በስም የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። የማይዘናጋውን ሰው «ቆቅ ነው» እንለዋለን። ጥያቄና መልስ አልገናኝ ሲሉም «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» ብለን እንተርታለን፤ ወፉ በአንድ በኩል፣ ድንጋዩ በሌላ በኩል ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ከቆቅ ጋር ይተዋወቃል። ሳኦል ሲያሳድደው ዳዊት ራሱን ያመሳሰለው በተራራ ላይ በሚታደን ቆቅ ነው። ወፉን በዓይኑ ያየው ከተሜ ግን ከተረቱ ተናጋሪ እጅግ ያነሰ ነው።

ቆቅ፣ ጅግራና ድርጭት የዶሮ ዘመዶች ናቸው። መሬት እየጫሩ ይለቅማሉ፣ ሣር ውስጥ መሬት ላይ እንቁላል ይጥላሉ፣ አደጋ ሲመጣ ደግሞ ከክንፋቸው በፊት እግራቸውን ያምናሉ። በአዋሽ ተፋሰስ ቆላዎች ከሚኖሩት ቆቆች አንዱ ጉሮሮው ላባ የሌለው፣ ቆዳው ደማቅ ቢጫ የሆነው ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ይንቀሳቀሳል። ጅግራ የመንጋ ወፍ ነው። ግራጫ ላባው ላይ ነጭ ጠብታ የተረጨበት፣ አናቱ ላይ ቀንድ መሳይ ቆብ የደፋ፣ ቀን ሜዳ ላይ ውሎ ማታ ግራር ላይ የሚሰፍር።

ሕጉ እነዚህን ወፎች አልረሳቸውም። ኢትዮጵያ ስለ አውሬ ጥበቃ አዋጅ ካወጣችበት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አደን ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541ም ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ወደ ወረዳ ሄዶ ለቆቅ ፈቃድ ያመለከተ እረኛ ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ቆቅ በአደን ማዕረግም ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አንበሳና ዝሆን የገደለ ግዳይ ጥሎ ይፎክር ነበር፤ ቆቅ የመታ ልጅ ቤቱ ሲገባ የሚጠየቀው ከብቱን ማን ጠብቆለት እንደዋለ ነው።

ታዲያ ፈቃዱን ማንም ካልጠየቀው፣ ወፉ እስከ ዛሬ እንዴት ተረፈ? መልሱ ማሳው ውስጥ ነው።

> ቆቅ የመታ ልጅ ቤቱ ሲገባ የሚጠየቀው ከብቱን ማን ጠብቆለት እንደዋለ ነው።

«ስንቱ ታጨደ?»

የማሳውን ሥልጣን ለማየት ጥቂት ራቅ ብለን እንሂድ። በሰሜን አሜሪካዋ ደቡብ ዳኮታ የቆቅ ዘመድ የሆነው ፌዛንት ትልቅ በዓል አለው። ወፉ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በአሜሪካ ዘር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1881 በሻንጋይ የነበረ የአሜሪካ ቆንስል ከቻይና ወደ ኦሬጎን መላክ ከጀመራቸው ወፎች ነው። ደቡብ ዳኮታ የመጀመሪያውን የአደን ወቅት እ.ኤ.አ. በ1919 ከፈተች፤ ዛሬ ዋናው መክፈቻ የኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ መሆኑ ነው።

ቀኑን መንግሥት ይቆርጠዋል፤ በቆሎው ግን የመንግሥትን ቀን አያነብም። መኸሩ ዝናባማ ከሆነ ኮምባይነር ጭቃ ውስጥ መግባት ስለማይችል በቆሎው እንደቆመ ይቆያል። ፌዛንቱም መጨረሻው በማይታይ በቆሎ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ፈቃድ የከፈለው አዳኝ ከነውሻው ጠርዝ ለጠርዝ ሲዞር ይመሻል። ደረቅ ዓመት ሲሆን ማሳው አስቀድሞ ይራቆታል፣ ወፉም ሣርና ረግረግ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ እዚያ የሚኖር አዳኝ ከመክፈቻው በፊት የሚጠይቀው «ስንቱ ታጨደ?» ብሎ ነው።

የካራቆሬ እረኛ ኮምባይነር የለውም፣ ፈቃድም የለውም። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

የኅዳር ወፍ በሐምሌ ይቆጠራል

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን ሲያልፍ ካፖርቱን ያወልቃል። ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ገብሱ በማሽላ፣ ብርዱ በወበቅ ተተክቷል። ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬን አልፎ ወደ ከሚሴ እስኪወርድ ድረስ ግራ ቀኙ የማሽላ አገር ነው፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና ከቆላው የሚወጣው አፋር ገበያ ላይ የሚገናኙበት።

በዚህ አገር ማሽላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ረዣዥሞቹ የአገር ዘሮች በሚያዝያ በበልግ እርጥበት ይዘራሉ፣ በክረምቱ ይሸለሸላሉ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳሉ። ከሰሜን ሸዋ እስከ ወሎ ያለው ገበሬ ዘሩን የሚጠራው እንደ ልጅ በስም ነው፦ ደጋሊት፣ ጨረቂት፣ ጅጉርቴ፣ ወተት በጉንጬ። ወተት በጉንጬ እሸቱ ጉንጭ ውስጥ የሚቀልጥ ነው። ቀይ ዘንጋዳ ደግሞ ምሬቱ ከወፍ ይታደገዋል፤ ሌላ እያለ ወፍ አይመርጠውም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን አይደርሱም። የአንዱ ማሳ ሲታጨድ የሌላው ገና አረንጓዴ ነው።

የቆቁ ዓመትም ከማሽላው ዓመት ጋር ይሄዳል። በሚያዝያ ጠላት ነው፤ በጠንካራ እግሩ አፈሩን ጭሮ የተዘራውን ዘር ያወጣል። ዝናቡ ሲጸና ግን ወደ ሣሩ ገብቶ ይፈለፍላል። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በጥሬ ሳይሆን በምስጥ፣ በጉንዳንና በፌንጣ ነው። ዝናብ ሣር ያበቅላል፣ ሣር ነፍሳትን ያበዛል፣ ነፍሳት ጫጩት ያሳድጋሉ። ዝናቡ ካነሰ ጫጩት በረሃብ ያልቃል፤ ዶፍ ከበዛም ላባ ያላወጣው ጫጩት በብርድ ይሞታል። በልጅነታቸው ወጥመድ ያጠምዱ የነበሩ ሽማግሌዎች የኅዳርን ቆቅ በሐምሌ እንቆጥረዋለን የሚሉት ለዚህ ነው። በሐምሌ ከእናቱ ኋላ የሚሮጥ ጫጩት ከታየ፣ በኅዳር ማሳው ሙሉ ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ ዝናቡን ሲነጥቅ የምሥራቅ አማራ ቆላዎች ክፉኛ ተጎድተው ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ማሽላው ራስ ሳያወጣ ይቀራል፣ አገዳው ለከብት ተብሎ ገና በጊዜ ይቆረጣል፣ ሣሩም ይጋጣል። የተረፈው ወፍ የሚደበቅበት አጥቶ ውኃ ዳር ይሰበሰባል። መንገድ ዳር ሆኖ ያየው ሰው «ዘንድሮ ቆቅ በዛ» ብሎ ያልፋል።

> ድርቅ ቆቅን አያበዛም፤ ያጋልጠዋል እንጂ።

በማማው ላይ

መስከረም አልፎ ማሽላው ወተት ሲይዝ በየማሳው መሐል ማማ ይቆማል። አራት እግር ያለው የእንጨት መቆሚያ ነው፤ ከላይ ጭራሮና ቅጠል ለጥላ ይጣልበታል። ልጅ ከንጋት በፊት ይወጣበትና ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። መሣሪያው ወንጭፍና ጅራፍ ነው። ጅራፉ ሲጮህ ማዶ ማዶው ያስተጋባል፤ ወንጭፉም ጭቃም ሆነ ጠጠር ይወረውራል።

የማማው ዋና ጠላት ግሪሳ ነው። ክብደቱ የአንድ እፍኝ ጥሬ የማያህል ወፍ በሺሕ፣ አንዳንዴም በብዙ ሺሕ ተሰብስቦ እንደ ደመና ይወርዳል። ያረፈበት ማሳ ማታ ላይ ባዶ ገለባ ነው። መንጋው ከወንጭፍ አቅም ሲያልፍ አውሮፕላን መጥቶ ማደሪያው ላይ ኬሚካል ይረጫል። የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች ርጭቱ አማራጭ ሲጠፋ የሚወሰድ እርምጃ ነው ይላሉ። ወፍ የሚከታተሉት ባለሙያዎች ደግሞ መርዙ ግሪሳን ከቆቅ፣ ከርግብና ከጭልፊት አይለይም ብለው ይሞግታሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ቆቅና ጅግራ ራስ ላይ ወጥተው አይለቅሙም፤ በአብዛኛው የረገፈውን ነው የሚያነሱት። ማማ ላይ የዋለ ልጅ ግን ይህን ልዩነት ለመመርመር ትዕግሥት የለውም። ወሩን ሙሉ ግሪሳን ሲያሳድድ የከረመ ክንድ፣ ማሽላው ሲታጨድ እግሩ ሥር ለሚነሳው ቆቅ ተስሎ ይጠብቃል። ጥፋቱ የግሪሳ፣ ድንጋዩ የቆቅ ይሆናል።

ጾሙ ያጠረው አጥር

አሁን የቀን መቁጠሪያ እንግለጥ። ማሽላው እሸት በሚሆንበት ወራት የፈቀደ ሰው የሚጾመው የጽጌ ጾም አለ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ከዚያ ጥቂት ቀን አልፎ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ማጭድ ማሳውን የሚያራቁተውና ቆቅ ከተደበቀበት የሚወጣው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ወፉ በብዛት በሚታይበት ሰዓት የክርስቲያኑ ቤት ድስት ለሥጋ ዝግ ነው።

ገና ሲደርስ ጾሙ ይፈታል፤ ጥርም የሠርግና የሥጋ ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ከአጨዳው የተረፈው ወፍ ነገር ገብቶታል። ቃርሚያውን ለቅሞ፣ ወደ ገደሉ ጥሻና ወደ ወንዝ ዳሩ ቁጥቋጦ ተጠግቷል። የሞኙ ቆቅ ጊዜ አልፎ የብልሁ ደርሷል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋው እንደገና ይዘጋል፤ ሲፈታ ቆቁ ወደ መፈልፈያ ወራቱ ተቃርቧል።

ሙስሊሙ ጎረቤት ሁልጊዜ በኅዳር የሚውል ጾም የለበትም፤ ረመዳን ከጨረቃ ጋር እየዞረ በየዓመቱ ቀኑን ይለውጣል። ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኛቸው ሌላ አጥር አለ፤ የቢላዋ አጥር። አንዱ በስመ አብ ብሎ፣ ሌላው ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ሳይታረድ የሞተ በሁለቱም ቤት በክት ነው። ድንጋይ የመታው ቆቅ ቢላዋ ሳይደርስበት ነፍሱ ከወጣች የልጁ ድካም ለውሻ ሆነ። እረኛ ከወንጭፉ ይልቅ ወጥመድ የሚመርጠው በዚህ የተነሳ ነው። ከፈረስ ጭራ የተገመደች ቀጭን ገመድ፣ ቆቅ በሚመላለስባት የአጥር ቀዳዳ ላይ ትዘረጋለች። ወፉ እግሩን ይያዛል፣ በሕይወት ይገኛል፣ ይታረዳል። ወጥመድ ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ያስጠነቅቃል፤ በቀን አንድ ካስገኘ ብዙ ነው።

እነዚህን አጥሮች የዱር እንስሳት ባለሥልጣን አልሠራቸውም። ስለ ቆቅ ተብሎም የተደነገገ አንድም የለበትም። ሲደማመሩ ግን የትኛውም ደንብ ያላደረገውን አድርገዋል፤ ወፉ በሚጋለጥበት ጊዜ እጅን ይይዛሉ።

> ስለ ቆቅ ተብሎ የተደነገገ አንድም የለበትም፤ ሲደማመሩ ግን ወፉን ይጠብቃሉ።

ቀን የሳተ ዝናብ

ጾሙ ቀኑን አይስትም። ዝናቡና ማሽላው ግን እየሳቱ ነው።

ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ ለገበሬው መዓት ነው። ታጭዶ የተጋደመው ማሽላ ይሻግታል፣ አውድማው ጭቃ ይሆናል፣ ውቂያው ይራዘማል። ገና ያልታጨደው እንደቆመ ይቆያል፤ ለቆቁም ጥቂት ቀን ይጨምርለታል። የአንዱ ኪሳራ ለሌላው መጠለያ ነው። ታዲያ የሜትዎሮሎጂ ትንበያ ዝናብ አለ ባለ ቁጥር የግብርና ባለሙያዎች የደረሰውን ሰብል በቶሎ ሰብስቡ ብለው ይወተውታሉ፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ለዘመቻ ይወጣል። ሰው እህሉን ማዳኑ የሚነቀፍ አይደለም። ሸለቆው ሙሉ በአንድ ሳምንት ሲራቆት ግን ቆቁ ከታጨደ ማሳ ወደ ታጨደ ማሳ ይሮጣል።

ድንገቴውም አለ። በጥቅምት 2013 የበረሃ አንበጣ ሰሜን ሸዋንና ደቡብ ወሎን ሲያጠቃ ገበሬው ያልደረሰውን ማሽላ ጭምር ለማዳን ማጭድ ይዞ ወጥቷል። በዓመቱ፣ በኅዳር 2014፣ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ በአጨዳው ወር ብዙ ማሳ ባለቤቱ ሸሽቶ ሳይታጨድ ቆመ። በተከታታይ ዓመታት አንዴ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ አንዴ በጊዜው ሳይታጨድ ቀረ።

ድምፅ ሳያሰማ የመጣው ለውጥ ግን ከሁሉም ይከብዳል። በልጉ እያመነታ ሲመጣ በሚያዝያ የሚዘራው ረዥም ማሽላ ቁማር ሆነ። ብዙ ገበሬ የክረምቱን ዝናብ ጠብቆ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የሚዘራ፣ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይመርጣል። ከምርምር ማዕከላት እንደ ግራና 1 እና መልካም ያሉ አጭር ቁመትና አጭር ዕድሜ ያላቸው ዘሮች ወጥተዋል። ማሾም ቦታ ይዟል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ገበያ አለው። ለሚያርሰው ሰው እነዚህ ዘሮች የረሃብ መከላከያ ናቸው፣ ማንም «ለቆቅ ሲባል ደጋሊት ዝራ» ሊለው አይችልም።

ለወፉ ያለው ትርጉም ግን ሌላ ነው። ድሮ ያንዱ ደጋሊት ሲታጨድ ያንዱ ዘንጋዳ ቆሞ ነበር። አጨዳው ከማሳ ወደ ማሳ እየተንከባለለ ሁለት ወር ይፈጅ ነበር፤ ቆቁም ከፊቱ ከፊቱ እየቀደመ መጠጊያ አያጣም ነበር። አሁን ጎረቤት ለጎረቤት አንድ ዘር በአንድ ሳምንት ዘርቶ በአንድ ሳምንት ሲያጭድ፣ ከዚህ ማሳ የተነሳ ቆቅ የሚገባበት ያ ማሳ የለም።

ከጋራው ማዶ

ይህ የካራቆሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሰንሰለቱ ማዶ፣ በምዕራብ ሰሜን ሸዋ በጀማ ሸለቆ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ አንድ ቆቅ አለ። የውጭ ሳይንቲስቶች የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን ሃርውድ የሚል ስም ሰጥተውታል። ወንዝ ዳር ባለው ደንገል ውስጥ ይጠለላል፣ ከማሽላና ከጤፍ ማሳ ይለቅማል። ደንገሉ ሲቆረጥና ሲታረስ አብሮ ይሸሻል። የእርሱም ዕጣ በገበሬው ማጭድ ላይ ነው።

የደጋው ገደል ላይ የሚጮኸው ትልቁ ቆቅ ግን ሌላ ዕድል ገጥሞታል። ፈረንጆቹ ኤርክል የሚሉትን ይህን ወፍ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ሃዋይ ደሴቶች ወስደው ለአደን ለቀቁት፤ በዚያም ተዋለደ። ከሐበሻ ገደል የሄደ ቆቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ወቅት ተቆርጦለት፣ ፈቃድ ተከፍሎበት ይታደናል። በአገሩ ለቆቅ ቀን የሚቆርጥለት ማጭድ ብቻ ነው።

አንዲት ጎጆ የምታክል ማሽላ

ወደ ረፋዱ ማሳ እንመለስ። አጫጆቹ ቆመዋል። ከመካከላቸው አረጋዊው ማጭዳቸውን ወደ ኋላ ይዘው አንድ እርምጃ ገቡ።

ማሽላው ፈነዳ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ የማይቆጠር። ክንፉ ሲመታ የደረቀ ቆዳ የሚገረፍ ይመስላል። ልጆቹ ጮኹ፣ ድንጋዩ ዘነበ። አንድ ትልቅ ቆቅ ግን አልበረረም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በአጫጆቹ እግር መሐል ሾልኮ፣ በተጋደመው አገዳ ላይ እየዘለለ ወደ ታች ሮጠ። ትንሹ ልጅ አይቶት ዞረ፣ ወረወረም። ድንጋዩ ወደ ላይ፣ ቆቁ ወደ ታች።

«ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ!» አለ አንዱ አጫጅ፤ ሁሉም ሳቀ። ልጁ ተናዶ ሊከተለው ሲል እናቱ «ተወው፣ ጾም ነው» አለችው።

ከድንበሩ በታች ያለው የጎረቤት ማሳ ገና አልደረሰም። ባለቤቱ ዘንድሮም እንደ አባቱ በበልግ ዘንጋዳ ዘርቷል፤ ለመታጨድ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ቆቁ አጥሩን ጥሶ ገባ። የዘንጋዳው ቅጠል አንድ ጊዜ ተነቃነቀ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።